ንድፉ ነፃ፣ ዕቃው ባለዕዳ

በኦገስት 2012 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ታንጂቦት የተባለ ስሪዲ ፕሪንተር በኪክስታርተር በኩል ከሕዝብ ገንዘብ ሊያሰባስብ ብቅ አለ። አቅራቢው የሚደብቀው ነገር አልነበረውም። ማሽኑ የኒውዮርኩ ሜከርቦት ኩባንያ ከሚሸጠው “ሬፕሊኬተር” የተቀዳ መሆኑን፣ ልዩነቱም ቻይና ውስጥ ተመርቶ በርካሽ መቅረቡ ብቻ እንደሆነ በግልጽ ተናገረ። ሥራው ሕገ ወጥ አልነበረም፤ ሜከርቦት ንድፉን ማንም ወስዶ እንዲሠራበት፣ እንዲያሻሽለው፣ እንዲሸጠውም ጭምር ፈቅዶ ይፋ አድርጎት ነበር። ታንጂቦት 500,000 ዶላር ጠየቀ። አላገኘም፤ ዘመቻው ከሸፈ።

ከወር በኋላ ሜከርቦት “ሬፕሊኬተር 2”ን ይዞ ሲመጣ የማሽኑን ንድፍ ቆልፎ መጣ። ደንበኞቹ ተቆጡ። ቁጣቸውም ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ጉድለቱን እየነገሩ፣ የሚሰበረውን ክፍል ራሳቸው አሻሽለው እየሣሉና እያተሙ፣ ለጀማሪ ገዢዎች መልስ እየሰጡ ማሽኑን ያሳደጉት እነሱ ናቸው። ከመሥራቾቹ አንዱ የነበረውና ቀደም ብሎ ኩባንያውን የለቀቀው ዛክ ስሚዝ ሳይቀር ነገሩን በአደባባይ ኮነነ። በ2013 ስትራታሲስ የተባለው ትልቅ አምራች ሜከርቦትን በ403 ሚሊዮን ዶላር ጠቀለለው። ምፀቱ እዚህ ላይ ነው። ቀልጦ በሚፈስ የፕላስቲክ ክር ዕቃ የማተምን ዘዴ ለዓመታት በፓተንት ይዞ የኖረው ይኸው ስትራታሲስ ነበር። የእንግሊዙ ባዝ ዩኒቨርሲቲ መምህር አድሪያን ቦየር የራሱን ክፍሎች የሚያትም ማሽን እንሥራ ብለው በ2005 ሬፕራፕን ጀመሩ፤ ፓተንቱ በ2009 ሲያበቃ ደግሞ ሜከርቦትን የመሰሉ ትናንሽ ሠሪዎች እንደ ልባቸው መነገድ ቻሉ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ክፍት ሃርድዌር ወሬ በተነሣ ቁጥር አንድ ትምህርት ይጠቀሳል፦ ንድፍህን ከሰጠህ ገልባጭ ይበላሃል። እኔ ግን ታሪኩ ይህን ያህል ቀላል አይመስለኝም። እዚህ ላይ ገልባጩ ገንዘብ አላገኘም፤ ያፈገፈገው ባለቤቱ ነው። ሜከርቦት በ2011 ከባለሀብቶች 10 ሚሊዮን ዶላር ወስዶ ነበር፤ የሰው ገንዘብ የያዘ ድርጅት ደግሞ ለመጪው ወር ብቻ ሳይሆን ለመጪው ዓመትም መልስ ይጠየቃል። ማኅበረሰቡ ፍቅሩን ይሰጣል፣ ሐሳቡን ይሰጣል፣ ሌሊቱን ይሰጣል። የፋብሪካው ደረሰኝ ግን ከዚህ ሁሉ ቀድሞ ይደርሳል። ገልባጭ ቢመጣ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ክፍት ሃርድዌር ሲባል አንድ ዕቃ የውስጥ ሥዕሉን አስከትሎ ይሸጣል ማለት ነው፤ የሰርኪቱ ንድፍ፣ የክፍሎቹ ዝርዝር፣ የፕላስቲኩ ቅርጽ፣ የሚያንቀሳቅሰው ኮድ። የገዛው ሰው ከፍቶ ማየት፣ መጠገን፣ መለወጥ፣ የለወጠውን መሸጥ ይችላል። የመጀመሪያው የክፍት ሃርድዌር ጉባኤ በ2010 ኒውዮርክ ላይ ተካሄደ፤ ማኅበሩ በ2012 ተቋቋመ። ሐሳቡ የተቀዳው ከሶፍትዌር ነው። ጣጣውም ከዚያው ይጀምራል።

ኮድ በሕግ ዓይን ጽሑፍ ነው፤ የቅጂ መብት አለው። ስለዚህ ባለቤቱ “ውሰዱት፣ ያሻሻላችሁትን ግን መልሳችሁ ለሁሉ ስጡ” ብሎ ቢያስር እስሩ ይጠብቃል። ሰርኪት ላይ ግን የቅጂ መብት የሚጠብቀው ሥዕሉን ነው፤ በሥዕሉ መሠረት የተበየደውን ዕቃ አይደለም። ዕቃን የሚጠብቀው ፓተንት ነው። ፓተንት ደግሞ ጠበቃ ይፈልጋል፣ ዓመታት ይፈልጋል፣ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ዶላር ይፈልጋል፤ ንድፉን በነፃ ለመስጠት የተነሣ ሰው ይህን ሁሉ ከፍሎ ምን ሊያደርገው? የጄኔቫው የፊዚክስ ማዕከል ሰርን ከ2011 ጀምሮ ለሃርድዌር ብቻ የታሰበ ፈቃድ አዘጋጅቷል፤ በ2020 አሻሽሎ ከጥብቅ እስከ ልል በሦስት ዓይነት አወጣው። ጥሩ ሥራ ነው። ያም ሆኖ ፋይሉን ሳይነካ ዕቃውን ገዝቶ፣ ፈትቶ፣ ለክቶ የሚገለብጥን ሰው በፈቃድ መያዝ ይከብዳል።

ልዩነቱ በአንድ ገበያ ውስጥ ጎን ለጎን ታይቷል። ስሪዲ ፕሪንተር ከመሥራቱ በፊት የሚታተመውን ቅርጽ ወደ ስስ ንብርብሮች የሚቆራርጥ ፕሮግራም ያስፈልገዋል። ስላይሰር የተባለ ነፃ ፕሮግራም ነበር፤ የፕራጉ ፕሩሻ ሪሰርች ከሱ ተነሥቶ የራሱን ሠራ፤ በ2022 ገበያውን ያናወጠው የሼንዘኑ ባምቡ ላብ ደግሞ የፕሩሻን ወስዶ የራሱን ሠራ። የሶፍትዌሩ ፈቃድ ስለሚያስገድድ ባምቡም ኮዱን ይፋ አደረገ። ሰንሰለቱ አልተበጠሰም። በብረቱና በሞተሩ በኩል እንዲህ ያለ ግዴታ የሚጭን ነገር አልነበረም።

እና ለሠሪው ምን ይቀረዋል? ስሙ። አርዱዪኖ የተባለው በኮድ የሚታዘዝ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ በ2005 ጣሊያን ኢቭሪያ ከተማ በሚገኝ የዲዛይን ተቋም ሲፈጠር ስሙ የተወሰደው መሥራቾቹ ከሚያዘወትሩት ቡና ቤት ነው። ቦርዱን ማንም መሥራት ይችላል፤ “አርዱዪኖ” ብሎ መሸጥ ግን አይችልም። ሆኖም ቦርዶቹን ያመርት የነበረው የአንዱ መሥራች ኩባንያ ስሙን ጣሊያን ውስጥ በራሱ አስመዝግቦት ኖሮ፣ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። ሁለት አርዱዪኖዎች ፍርድ ቤት ቆሙ፤ አንደኛው ወገን ከአሜሪካ ውጭ “ጀኑዪኖ” እያለ ለመሸጥ ተገደደ፤ እርቁ የወረደው በኦክቶበር 2016 ነው። በንድፉ ማንም አልተጣላም፤ የሁሉም ነውና የሚጣሉበት ነገር የለውም። የተጣሉት የሁሉም ባልሆነው በአንዲት ቃል ነው። በኦክቶበር 2025 ደግሞ ግዙፉ የቺፕ ኩባንያ ኳልኮም አርዱዪኖን ሊገዛው መሆኑን አስታወቀ።

አሁን ወደ ፋብሪካው ደረሰኝ እንመለስ። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል የወሰድኳቸው እኔ ነኝ፤ መልካቸው ግን ይህን ንግድ ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይሆንም። አንድ ሰው ሙቀትና እርጥበት የሚለካ ትንሽ ቦርድ ሠራ እንበል። ክፍሎቹና የፋብሪካ ሥራው ተደምረው በቦርድ 12 ዶላር ይፈጃሉ። ፋብሪካው ከ1,000 ባነሰ ዋጋ አይቀንስም፤ ስለዚህ 12,000 ዶላር አንድ ቦርድ ሳይሸጥ ይወጣል። ቺፖቹ እስኪደርሱ፣ ተበይደው እስኪያልቁ፣ በመርከብ ወይም በአውሮፕላን እስኪጓጓዙ ስድስት ወር ይሄዳል። የመሸጫ ዋጋ 40 ዶላር ቢሆን ሱቁ 40 በመቶ ይወስዳል፤ ለሠሪው የሚደርሰው 24 ነው። ለላቦራቶሪ ምርመራ 8,000 ዶላር ይጨመርበት።

ከ1,000ው ቦርድ ስንቱ ይሠራል? እዚህ ላይ ጥቂት ሒሳብ አለ፤ ሳቢ ሒሳብ። በቦርዱ ላይ 200 ብየዳ አለ እንበል። እያንዳንዱ ብየዳ 99.95 በመቶ አስተማማኝ ነው፤ ማለትም ከ2,000 አንዱ ብቻ ይሳሳታል። በእጁ ካውያና ስታኞ ይዞ ለሚያውቅ ሰው ይህ ሕልም ነው። ግን ቦርዱ የሚሠራው ሁለት መቶውም ባንድ ላይ ሲሳኩ ነው፤ ስለዚህ ዕድሉ 0.9995 በራሱ 200 ጊዜ ተባዝቶ የሚገኘው ነው። ውጤቱ 90.5 በመቶ ገደማ ይሆናል። ከ1,000 ቦርድ 95ቱ ኃይል ሲያገኙ ዝም ይላሉ። የትኞቹ 95 እንደሆኑ ለማወቅ ሠሪው ሌላ መሣሪያ ይሠራል፤ ቦርዱ ሲጫንበት በስፕሪንግ የሚገፉ መርፌዎች እያንዳንዱን መስመር እየነኩ ቮልቴጁን የሚለኩበት የመፈተኛ ሰሌዳ። ይህ መሣሪያ በማንም ማስታወቂያ ላይ አይታይም፤ ብዙ ጊዜ ግን ከዋናው ዕቃ ያላነሰ ጭንቅላት ይበላል። የተበላሹትን መጠገን ይቻላል፤ ጥገናው ግን የሰው ቀን ነው። ሠሪው ጊዜ አጥቶ ቢተዋቸው 905 ቦርድ በ24 ዶላር ሲሸጥ 21,720 ዶላር ይገባል። ወጪው 20,000 ነው። ስድስት ወር ለደከመ ሰው የተረፈው 1,720 ዶላር ነው፤ ከዚያ ላይ ኪራይ፣ ማሸጊያ፣ ለመጀመሪያው ሙከራ የወጣው ሁሉ ይቀነሳል። ገልባጩ ገና አልመጣም፤ ልብ በሉ።

የሕዝብ መዋጮ ለዚህ መድኃኒት ይመስላል። ገዢው አስቀድሞ ይከፍላል፣ በዚያ ገንዘብ ይመረታል። አንዳንድ ሰው ከእቁብ ጋር ያመሳስለዋል፤ እቁብ ግን ዋስ አለው፣ ዕጣውም በታወቀ ቀን ይወጣል። እዚህ የመሸጫ ዋጋው የሚወሰነው ዘመቻው በተከፈተ ቀን ነው፤ የቺፑ ዋጋ፣ የማጓጓዣው፣ የምንዛሪው ደግሞ የሚታወቀው ከወራት በኋላ ነው። ሠሪው ሳያውቀው የሸቀጥ ዋጋ ውርርድ ገብቷል ማለት ነው። ዘመቻው ካሰበው በላይ ሲሳካ ደግሞ ጣጣው ይብሳል፤ ጓዳ ውስጥ 200 ለመሥራት ያሰበ ሰው 5,000 ታዘዘ ሲባል በአንድ ሌሊት የፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ፣ የጉምሩክ አስተላላፊና የደንበኛ አገልግሎት ሠራተኛ ይሆናል። ከነዚህ አንዱንም ለመሆን አልተነሣም።

ከላይ ለምርመራ 8,000 ዶላር ብያለሁ። የምን ምርመራ ነው? አርዱዪኖ ኡኖን በምሳሌነት እንውሰድ። በላዩ ላይ በሴኮንድ 16 ሚሊዮን ጊዜ የሚመታ ክሪስታል አለ፤ 16 ሜጋኸርዝ። የዲጂታል ምት እንደ ሞገድ ቀስ ብሎ አይወጣም አይወርድም፤ በድንገት ይበራል፣ በድንገት ይጠፋል። እንዲህ ማዕዘን ያለው ምት ሲፈተሽ በውስጡ ከመሠረቱ ድግግሞሽ ሌላ የሦስት፣ የአምስት፣ የሰባት እጥፉን ይዟል፦ 48፣ 80፣ 112 ሜጋኸርዝ። አሁን ቦርዱን ከኮምፒውተር የሚያገናኘውን የአንድ ሜትር ገመድ ተመልከቱ። ማንኛውም ሽቦ ርዝመቱ የሞገዱን ሩብ ሲያህል ጥሩ አንቴና ይሆናል፤ ለአንድ ሜትር ያ 75 ሜጋኸርዝ ነው። ለ80 በጣም ቅርብ ነው። ሠሪው የሙቀት መለኪያ ሠራሁ ሲል ሳያስበው ትንሽ የሬዲዮ ጣቢያ ሠርቷል።

መንግሥታት ይህን አይወዱም፤ ልክም ናቸው፤ የአንዱ መጫወቻ የሌላውን ሬዲዮ፣ ከባሰም የሆስፒታል መሣሪያ ሊረብሽ ይችላል። ስለዚህ ዕቃው ግድግዳው ሞገድ በሚውጥ ሾጣጣ ስፖንጅ በተሸፈነ ክፍል ውስጥ፣ በሚዞር ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ ብዙ ጊዜ በ3 ሜትር ርቀት የቆመ አንቴና ከ30 ሜጋኸርዝ ጀምሮ የሚተፋውን ሁሉ ይለካል። ቢወድቅ መፍትሔው ብዙ ጊዜ ሳንቲም የሚያወጣ ነገር ነው፤ ገመዱ የሚወጣበት ቦታ ላይ ፌራይት የተባለ ሞገድ አፋኝ ቀለበት መጨመር፣ ወይም ከሰርኪቱ ሥር ያለውን የመሬት መስመር ሳይቆራረጥ ማንጠፍ። ሳንቲሙ አይደለም ችግሩ። ቦርዱ እንደገና ተስሎ፣ ታትሞ፣ ተበይዶ፣ ክፍሉ ለሌላ ቀን ተከራይቶ ይደገማል። ትልቅ ኩባንያ ይህን ወጪ በሚሊዮን ዕቃ ላይ ያከፋፍለዋል፤ ትንሹ ሠሪ በ1,000። ለክፍት ሃርድዌር ደግሞ የራሱ ጠማማ ጥያቄ አለው፦ ገዢው እንዲለውጠው የተሠራ ዕቃ ሲለወጥ የተመረመረው ዕቃ ነው ወይስ ሌላ?

ትንሹ ሠሪ ከምርመራው ሌላ የሚያልፍበት በር የቁጥር በር ነው። ዩኤስቢ ያለው ዕቃ ሁሉ ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ ሁለት ቁጥር ይናገራል፤ አንዱ የአምራቹ፣ ሌላው የዕቃው። የአምራቹ ቁጥር የሚገዛው የዩኤስቢን ደንብ ከሚያወጣው የኩባንያዎች ማኅበር ነው፤ ዋጋው በሺዎች ዶላር ነው። በአንድ የአምራች ቁጥር ሥር 65,536 ዕቃ መመዝገብ ይቻላል። አንድ ዓይነት ቦርድ ብቻ ያለው ሰው የ65,536ቱን ይከፍላል። በጎ ፈቃደኞች ደንቡ ከመጥበቁ በፊት የተሰጠ አንድ የአምራች ቁጥር አግኝተው ለክፍት ሃርድዌር ሠሪዎች በነፃ ያካፍላሉ፤ ማኅበሩ ይህን ዓይነቱን መካፈል አይደግፍም።

ይህ ቁጥር ምን ያህል ጉልበት እንዳለው በኦክቶበር 2014 ታየ። የስኮትላንዱ ኤፍቲዲአይ ኩባንያ ዩኤስቢን ከቀላል ማይክሮኮንትሮለር (የቦርዱን ኮድ ከሚያስኬደው ቺፕ) ጋር የሚያነጋግር ቺፕ ይሸጣል፤ የቺፑ ሐሰተኛ ቅጂም ዓለምን አጥለቅልቋል። ኩባንያው በዊንዶውስ ማሻሻያ በኩል ያሰራጨው ድራይቨር ሐሰተኛ ቺፕ ሲያገኝ የዕቃውን ቁጥር ዜሮ አደረገው። ዜሮ የሚባል ዕቃ ዊንዶውስ አያውቅም፤ ቦርዱ ሞተ። የሞተበት ሰው ደግሞ ሐሰተኛ ቺፕ መግዛቱን ያላወቀ ነው፤ የገዛው ቦርድ ነው፣ ቺፑን የመረጠው ሌላ ሀገር ያለ ፋብሪካ ነው። ቁጣው ስለበዛ ድራይቨሩ ከስርጭት ተነሣ። ብዙ ርካሽ ቦርድ ሠሪዎች ፊታቸውን ሲኤች340 ወደ ተባለ የቻይና ቺፕ አዞሩ፤ ይህ የማንም ቅጂ ሳይሆን ራሱን የቻለ፣ ዋጋውም እጅግ ያነሰ ቺፕ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ የመመረቂያ ፕሮጀክት የሠራ የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪ ይህን ስም ያውቀዋል። የገዛው ቦርድ ኮምፒውተሩ ላይ አልታይ ሲለው፣ ጓደኛው “የሲኤች340 ድራይቨር ጫንበት” ብሎታል። ቦርዱ ሰማያዊ ነው፣ ቅርጹ የአርዱዪኖ ነው፣ ዋጋው ግን የጣሊያኑን ሩብ እንኳ ላይሞላ ይችላል። ሌብነት ነው? ንድፉ የተሰጠው እንዲሠራ ነው፤ ያለ አርማውና ያለ ስሙ ከተሸጠ ምንም የሚያስነውር ነገር የለበትም። ርካሹ ቅጂ ባይኖር ኖሮ በየቴክኒክ ትምህርት ቤታችን ማይክሮኮንትሮለር የነካ ተማሪ ቁጥር ምን ያህል እንደሚያንስ መገመት አይከብድም። እኔ በዚህ ጉዳይ ላይ ከቅጂው ጎን ነኝ። ቅር የሚለኝ ሌላ ነው። ቅጂውን የገዛው ሰው ሲቸገር የሚጠይቀው ሻጩን አይደለም፤ መመሪያውን የጻፈውን፣ ኮዱን የሚያድሰውን፣ የመጀመሪያውን ሠሪ ነው። የቅጂው ትርፍ ወደ አንድ ቦታ፣ የጥያቄው ክምር ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ክፍት ሃርድዌርን የሚያደክመው ይህ ያልተከፈለበት መልስ መስጠት ይመስለኛል፤ ነገር ግን በሒሳብ መዝገብ ላይ መደብ ስለሌለው ማንም አይቆጥረውም።

ከበሮቹ ሁሉ ያለ ማስጠንቀቂያ የሚዘጋው የጉምሩክ ነው። በማርች 2014 የኮሎራዶው ስፓርክፈን፣ ከታወቁት የክፍት ሃርድዌር ቤቶች አንዱ፣ ከቻይና ያዘዘው 2,000 መልቲሜትር በአሜሪካ ጉምሩክ ተያዘበት። ጥፋቱ ቀለሙ ነው። ጠቆር ያለ ፊት፣ ዙሪያው ቢጫ ጠርዝ፤ ይህ ዓይነቱ መልክ የፍሉክ ኩባንያ የተመዘገበ የንግድ ምልክት ነበር። መለኪያዎቹ የክፍት ንድፍ ውጤት አልነበሩም፣ ለጀማሪ የሚሸጡ ርካሽ ዕቃዎች ናቸው፤ ግን እንዲህ ያለ ኪሳራ የሚከፈለው ቦርድ ሠርቶ ከተገኘው ገንዘብ ነው። ወሬው ሲዛመት ፍሉክ ራሱ ከ30,000 ዶላር በላይ ዋጋ ያላቸውን የራሱን መለኪያዎች ለስፓርክፈን እንደሚሰጥ አስታወቀ። ደግ ፍጻሜ ነው። ሁሉም ግን ስፓርክፈንን ያህል ስም የለውም። በኦገስት 29 ቀን 2025 አሜሪካ ዋጋው ከ800 ዶላር የማይበልጥ ጥቅል ያለ ቀረጥ እንዲገባ የሚፈቅደውን ደንብ ለሁሉም ሀገር ስታነሣ፣ በርካታ የፖስታ ድርጅቶች ወደዚያ ጥቅል መላክ ለጊዜው አቁመው ነበር። በርሊን ወይም ታይፔ ሆኖ አሜሪካ ላለ ገዢ አንድ አንድ ቦርድ በፖስታ የሚልክ ሠሪ ምን እንደገጠመው ማሰብ ነው።

ስለ 2021ና 2022 የቺፕ እጥረት ብዙ ተጽፏልና አላስረዝምም። ማይክሮኮንትሮለር ያዘዘ ሰው “ከ50 ሳምንት በኋላ” የሚል መልስ ያገኝ ነበር፤ የመኪና ፋብሪካዎች ወረፋውን በሚሊዮን ትዕዛዝ ሲይዙት 1,000 የሚፈልግ ሰው የሚሰማው አልነበረም። ቺፕ መቀየር ደግሞ አምፖል መቀየር አይደለም፤ እግሮቹ ይለያያሉ፣ ኮዱ ይለያል፣ ከላይ ያየነው የሞገድ ምርመራ ከመጀመሪያው ይጀምራል።

ወደ ፕሪንተሮቹ ልመለስ፤ የገልባጭ ስጋት ከባድ ሆኖ የሚታየው እዚያ ነውና። የቼኩ ዮሴፍ ፕሩሻ ወጣት ሳለ የሬፕራፕን ማሽን አቃልሎ ሠራው፤ በ2012 ያወጣው ንድፍ በዓለም ላይ እጅግ ከተገለበጡት የፕሪንተር ንድፎች አንዱ ሆነ። በዚያው ዓመት ያቋቋመው ኩባንያ ቅጂዎቹ ገበያውን ሞልተውት እንኳ አደገ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ፕሪንተሮች ተደርድረው የሌሎች ፕሪንተሮችን ክፍል የሚያትሙበት አዳራሽ አለው። ለአሥር ዓመት ያህል “ገልባጭ ይበላሃል” ለሚለው ሰው ሁሉ መልሱ ፕሩሻ ነበር።

በማርች 2023 ግን ራሱ ፕሩሻ ረጅም ጽሑፍ አወጣ፤ ሌሎች ወስደው መልሰው እንደማይሰጡ፣ ፈቃዱን እንደማያከብሩ ዘረዘረ። በዚያው ወር የወጣው ኤምኬ4 ማሽን የኤሌክትሮኒክስ ንድፉ እንደ ድሮው አልተለቀቀም። በ2025 ደግሞ የጠረጴዛ ፕሪንተሮች ክፍት ሃርድዌር ሞቷል እስከማለት ደረሰ። አሁን የሚያነሣው ዋና ክስ ግን ስለ ቅጂ አይደለም፤ ስለ ፓተንት ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። በሕጉ መሠረት ቀድሞ ይፋ የሆነ ነገር ፓተንት አይሰጠውም፤ ክፍት ንድፍ እንግዲህ በራሱ ጋሻ መሆን ነበረበት። የፓተንት መርማሪው ግን የሚፈልገው በአብዛኛው የፓተንት መዛግብት ውስጥ ነው፤ አንድ በጎ ፈቃደኛ ከዓመታት በፊት በኮድ ማከማቻ ያስቀመጠው ሥዕል ላይታየው ይችላል። ስለዚህ ማኅበረሰቡ የፈጠረውን ጥቂት ቀይሮ በስሙ የሚያስመዘግብ ኩባንያ ሊያልፍለት ይችላል። ማመልከቻው በንጽጽር ርካሽ ነው፤ ማመልከቻውን ማፍረስ ግን ጠበቃና ብዙ እጥፍ ገንዘብ ይጠይቃል። ቅጂ የሠራ ሰው ገበያህን ይሻማሃል፤ ፓተንት የያዘ ሰው የራስህን ንድፍ እንዳትሸጥ ሊከለክልህ ይችላል። ሁለቱን በአንድ ስም ‘ስርቆት’ ብሎ መጥራት የክፍት ሃርድዌር ሰዎች ራሳቸው የሚሠሩት ስሕተት ነው፤ መፍትሔያቸው አንድ አይደለምና። ለመጀመሪያው ጥሩ ስምና ጥሩ አገልግሎት ይበቃ ይሆናል። ለሁለተኛው ግን እያንዳንዱን ንድፍ መርማሪ በሚያገኘው መልክ፣ ከነቀኑ የሚያስቀምጥ መዝገብ፣ ለክስም የጋራ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ይህን ደግሞ አንድ ሠሪ ብቻውን አይችለውም።

ገበያው በማያድነው ቦታ ላይ ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ለማየት ኦፕንፍሌክሸር የተባለውን ማይክሮስኮፕ መመልከት ይበቃል። የጀመሩት እንግሊዝ ሀገር ያሉ ተመራማሪዎች ናቸው፤ ዳሬሰላም ውስጥ ያሉ የታንዛኒያ ሠሪዎች አትመውታል፣ አሻሽለውታል፤ የኢፋካራ የጤና ተቋም ለወባ ምርመራ ሞክሮታል። ብልሃቱ የሚያስደንቅ ነው። ተራ ማይክሮስኮፕ ናሙናውን የሚያንቀሳቅሰው በሚንሸራተት ብረት ነው፤ ብረቱ ክፍተት አለው፣ ይበላል፣ ይንገጫገጫል። ይህኛው የሚንሸራተት ነገር የለውም። አካሉ እንዳለ በፕላስቲክ ይታተማል፤ ቀጫጭን የፕላስቲክ ክንዶች በሞተር ሲገፉ ይታጠፋሉ፣ ሲለቀቁ ይመለሳሉ። በዚህ መታጠፍ ብቻ ከ100 ናኖሜትር ያነሰ እርምጃ ይራመዳል፤ የወባ ጥገኛ ተውሳክ የሚያርፍበት ቀይ የደም ሕዋስ ስፋቱ 7,000 ናኖሜትር ገደማ ነው። ካሜራውና ኮምፒውተሩ ራስፕቤሪ ፓይ የተባለው ኩባንያ ሥራ ናቸው። የውጭ ምንዛሪ ተፈልጎ መለዋወጫ በሚጠበቅበት፣ የወባ ምርመራም ዛሬ ድረስ በማይክሮስኮፕ በሚካሄድበት እንደ እኛ ባለ ሀገር የተሰበረ ክፍል እዚያው አትሞ መተካት ምን ማለት እንደሆነ ለላቦራቶሪ ባለሙያ መንገር አያሻም።

ግን በሽተኛ ለመመርመር የሚውል መሣሪያ “አምራች” ሊኖረው ይገባል፤ ጥራቱን የሚፈርም፣ ስሕተት ሲገኝ የሚጠየቅ፣ አይኤስኦ 13485 የተባለውን የሕክምና መሣሪያ የጥራት ሥርዓት ያሟላ አንድ ድርጅት። አምራቹ ማን ነው? ንድፉን ያወጣው ዩኒቨርሲቲ? ዳሬሰላም ላይ ያተመው አውደ ጥናት? ነገ ጅማ ላይ የሚያትመው ኮሌጅ? መልሱ “ያተመው ሁሉ” ከሆነ፣ ንድፉ ለሁሉም አንድ ሆኖ ሳለ ወረቀቱን እያንዳንዱ ለየብቻ ከፍሎ ያሟላል። ደግሞም ወረቀቱ የሚሠራው ለተመረመረው ስሪት ነው። ራስፕቤሪ ፓይ የካሜራውን ሞዴል ሲቀይር፣ ፋይሉን ማስተካከል ለአንድ ጎበዝ ተማሪ የጥቂት ምሽቶች ሥራ ነው፤ ምርመራውና የወረቀቱ ሥራ ግን እንደገና ይጀመራል፣ ወጪውን የሚሸፍንለትም የሕዝብ መዋጮ ዘመቻ የለም።